«ዋስ አለህ?»፦ ስለ ድሬዳዋ ወጣቶች ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድሬዳዋ የድሃ ሰፈር ወጣቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የነዚህ ሰፈሮች ልጆች ስለ መብቃት ሲጠየቁ የሚታያቸው ብር ብቻ ነው። እርዳታ ለምደዋል። ብድር ሲሰጣቸው ይበትኑታል። ፋብሪካ ሲከፈትላቸው በወሩ ጥለው ይወጣሉ። ሥልጠና የሚመጡት ለአበል ነው። ከሰዓቱ በበርጫ፣ በጫት ቅሚያ፣ ያልቃል። ሴቶቹ ከጓዳ አልወጡም። ስብሰባ ቢጠሩም አይመጡም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አመለካከታቸው ይቀየር ይላሉ ጸሐፊው።

ጸሐፊው ለልጆቹ የሚቆረቆሩ ሰው ይመስሉኛል። ካዩት ነገር ውስጥም እውነት አለ። የከነከነኝ መደምደሚያቸው ነው። በጽሑፉ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። አንዳንዱ ጋ ቆም እላለሁ፣ አንዳንዱን ዘልዬው አልፋለሁ።

«ለእነሱ መብቃት ማለት ብር ማግኘት ነው»

የምተዳደረው ከአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ከገንደ ቆሬ፣ ከአፈተይሳ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚመጣ ወጣት ቢሮ ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ አያለሁ።

የሚደናቀፈው የሥራ ወይም የብድር ፎርም ላይ ባለ አንድ መስመር ነው። «የዋስ ስም፣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የወር ደመወዝ» የሚለው ላይ።

ግንቦት ላይ አንድ ብየዳ የሚያውቅ ልጅ መጣ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን አልፏል። ፎርሙ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፤ የቀረው የዋሱ ቦታ ነው። አግዳሚዋ ላይ ቁጭ አለና ስልክ መደወል ጀመረ። አጎቱ ሹፌር ነው፤ የሚነዳው ግን የሰው መኪና ስለሆነ የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። አክስቱ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጣለች፤ ከብዙ ደመወዝተኛ የተሻለ ታገኛለች፤ ግን ማኅተም የላትም። የድሮ አስተማሪው ስልኩን አነሱና «ለሌላ ልጅ ፈርሜያለሁ፣ ሁለተኛ አይፈቀድልኝም» አሉት። ልጁ ፎርሙን አጥፎ በፌስታል ጠቀለለው። ከዚያ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ፌስታሉ ለላቡ ነው። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን ልጅ «ምን ብትሆን በቃሁ ትላለህ?» ብትሉት ምን የሚል ይመስላችኋል? ጠየቅሁት። «ለታናሽ ወንድሜ ዋስ ስሆን» አለኝ።

ከሌሎችም በተለያየ አነጋገር ይህንኑ ሰምቻለሁ። ፊርማው የሚሠራ ሰው መሆን። ስሙ ሲጠራ «እሱማ ካለበት ምን ችግር አለ» የሚባል ሰው መሆን። ብር ይፈልጋሉ፣ እንዴት አይፈልጉም! ግን ብር ያለው ሁሉ እንዳልበቃ ያውቃሉ። ኮንትሮባንድ ጭኖ በአንድ ሌሊት ኪሱ የሞላ ልጅ ሰፈራቸው ውስጥ አለ። ሻይ ይጋብዛል፣ ይመሰገናል። ለዋስነት ግን ማንም አይጠራውም።

ይህን ያስተማረቻቸው ከተማዋ ራሷ ናት። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ የሐረር ተራራ ከብዶት ሜዳው ላይ ሲቆም። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የምድር ባቡር ሠራተኛ የሰፈሩ ዋስ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛም እንደዚያው። ደመወዙ የታወቀ፣ ጡረታው የታወቀ፣ አሠሪው የታወቀ። አንድ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ያለበት ግቢ ውስጥ የራሱም የጎረቤቱም ልጆች በእሱ ፊርማ ሥራ ይገቡ ነበር። የድሮው ባቡር እየተቆራረጠ ሄዶ ዝም ሲል ሰፈሩ ከደመወዙ ጋር ፈራሚዎቹን አጣ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ለገሃር አካባቢ ያደገ ልጅ ባቡር ሠራተኛ የሚያውቀው ከአያቱ ወሬ ነው።

ጎርፉንም አንርሳ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። የዓመታት ጎረቤት ተበተነ። ዋስ ደግሞ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ከሚያውቅህ ጎረቤት።

«እርዳታ ለምደዋል»

ይሄ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ በሚከፍለው በከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ የተነሳ ነው። ፕሮግራሙ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። መሥራት የሚችል ሰው የሚከፈለው መንገድ ጠርጎ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ ችግኝ ተክሎ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም እንዲወጣ ነው የታቀደው። እናቱ ጎህ ሳይቀድ መጥረጊያ ይዛ ስትወጣ የሚያይ ልጅ ፊት «እርዳታ ለምዳችኋል» ብሎ ለመናገር ደፋር መሆን ይጠይቃል። እዚሁ ልተወው።

«ብድር ወስደው ይበትናሉ»

የበተኑ አሉ፣ አልክድም። ብሩ በወጣበት ቀን ማታ ተካፍለው የተለያዩ አውቃለሁ። ግን እንዴት እንደተሰባሰቡ ላውጋችሁ።

በ2009 መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መደበ። ብድሩ ለተደራጀ ነው ተባለ። ወዲያው ሰፈሩ ውስጥ መጠራራት ተጀመረ። ሦስቱ ይተዋወቃሉ፣ አራተኛው የአንዱ ዘመድ ነው፣ አምስተኛው ቁጥር ማሟያ ነው። እኔ ጋ መጥተው መተዳደሪያ ደንብ አስጻፉ። «የሥራው ዓይነት ምን ልበል?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ከብት ማድለብ በለው አቦ፣ በፊት የሄዱት በሱ ነው ያለፉት» አለ። ከአምስቱ አንዱም በሬ አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። እነዚህ አምስት ልጆች ናቸው እንግዲህ አንዱ ለሌላው ዕዳ ተጠያቂ ነው ተብሎ የተፈረመባቸው።

አሁን እነዚሁን ልጆች ዕቁብ ላይ እዩአቸው። ባጃጅ የሚነዱት ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። መጀመሪያ የባለቤቱን ገቢ ይከፍላሉ። ቤንዚን ይቀዳሉ። ከተረፈው ላይ ማታ ማታ ዕቁብ ይጥላሉ። ሰብሳቢው በአንድ የተማሪ ደብተር ስም እየጠራ ምልክት ያደርጋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ከአባላቱ መካከል ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ካልፈረመ ብሩ አይሰጥም። አንድ ሰው አዲስ አባል ላስገባ ቢል «የማን ልጅ ነው? የት ነው የሚሠራው? ማን ያውቀዋል?» ይባላል። ቁጥር ማሟያ የሚባል ነገር የለም። አንድ ልጅ ሚስቱ ስትወልድበት የዕለቱን መጣል አቃተው፤ ሳይጠይቅ ሁለት ጓደኞቹ ጣሉለት።

ያው ልጅ ነው፣ ያው ኪስ ነው። አንዱ ጋ ይበትናል፣ ሌላው ጋ በዝናብም በፀሐይም ይጥላል። ጸሐፊው ልዩነቱን በአመለካከት ያስረዱኝ። እኔ የሚታየኝ ልዩነት፣ ዕቁቡ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚተሳሰር የሚወስኑት ራሳቸው መሆናቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ እና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮችን ጀመረ። ዋስ አይጠይቅም፤ የስልክህን አጠቃቀም አይቶ ይመዝንሃል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ሱቅ አይከፍትም። ግን የመጀመሪያ ቀን ከተፈቀደላቸው ልጆች አንዱ ስልኩን እያሳየኝ «ስልኬ አመነኝ» ሲል ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ወለዱን ሳይጠይቅ ነው የተደሰተው። (ወለዱን መጠየቅ ነበረበት፤ ነግሬዋለሁ።)

«ፋብሪካ ጥለው ይወጣሉ»

ጸሐፊው እዚህ ጋ ተቆጥተዋል። ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፍቶ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ እያለ ልጆቹ አይበረክቱም ይላሉ። አለመበርከታቸው ልክ ነው። ግን ይሄ የድሬ ልጅ ጠባይ አይደለም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ሥራው ተሰጠ። ለሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ውጤቱ በ2010 ወጣ። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ወጥተዋል። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው የሉም። በገቢ ምንም ካላገኙት አልተሻሉም፤ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸዋል። ብር የተሰጣቸው በዓመቱ ገቢያቸው 33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የኋላውንም መደበቅ አይገባኝም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ያ ልዩነት ጠፍቷል። እና ብር ሰጥቶ መገላገልም መድኃኒት አይደለም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከገንደ ቆሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዳለበት መልካ ጀብዱ ሄዶ መመለስ ቀላል አይደለም። ሰርቪስ ካለ ደህና። ከሌለ ከደመወዝህ ላይ ትራንስፖርት ቀንስ፣ ምሳ ቀንስ፣ ከዚያ የቀረውን ቁጠር። የማታ ሺፍት ያላትን ልጅ ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳታል፤ ከዚያ እስከ ቤቷ ያለው ጨለማ የእሷ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ልጆቹ አዋጁን አላነበቡትም፤ ሒሳቡን ግን ይችላሉ።

ጸሐፊው ስለ ሴቶች መብቃት በመጻፍ የምትታወቀውን ምሁር ናይላ ካቢርን መጥቀሳቸው ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ካቢር በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጻፈችው ላይ ዋናው ነገር ምርጫ ነው። ምርጫ ተነፍጎ የኖረ ሰው በሕይወቱ ትልልቅ ጉዳዮች ላይ መምረጥ መቻሉን ነው የምትለው። እንግዲያው በአንድ ወር ሒሳቡን ሠርቶ «አያዋጣኝም» ብሎ የወጣን ልጅ ያልበቃ ማለት እንዴት ይሆናል? እኔን የሚያሳስበኝ ያልወጣው ነው። መውጣት እየፈለገ፣ ደረቱን እያመመው፣ ቤት ኪራይ ስላለበት የቀረው።

«ሥልጠና የሚመጡት ለአበል ነው»

አዎ። የተሰጣቸውን ሰርተፍኬት ላሚኔት የማደርገው እኔ ነኝ። የሥራ ፈጠራ፣ የሕይወት ክህሎት፣ የአመራር፣ እንደገና የሥራ ፈጠራ። አንዳንዱ ልጅ ያለው ሰርተፍኬት ግድግዳ ይሸፍናል። ያንን ሁሉ ይዞ ሄዶ ፎርሙ «ዋስ» ሲለው ከየትኛው ሰርተፍኬት ላይ ይቅዳ? አበሉ ቢያንስ የዕለት ነገር ነው፤ ምሳ ይበላበታል።

«ከሰዓቱ በበርጫ ያልቃል»

ጫትን አልከላከልም። ስንት ጎበዝ ልጅ እንደበላ አውቃለሁ፤ ኪስንም ጥርስንም እንቅልፍንም ይጨርሳል። ግን ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቁም ነጋዴውም በሩን የሚዘጋ ከተማ ነው፤ ፀሐዩ አያሠራም። ባለሀብቱም ሠራተኛውም ይቅማል። የባለሀብቱ «ዕረፍት»፣ የልጁ «ሥራ ፈትነት» የሚባልበት ምክንያት አልገባኝም። ደግሞ የትኛው መጋዘን ጫኝ እንደሚፈልግ፣ የማን ባጃጅ ሹፌር እንዳጣ የሚሰማው እዚያው ቅሚያው ላይ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሥራማ አብዛኛውን ጊዜ ሲለጠፍ ሰው ይዞታል።

«ሴቶቹ ከጓዳ አልወጡም»

ጸሐፊው ቀፊራን በጠዋት አላዩትም ማለት ነው። አሸዋና ታይዋን የሚባሉትን ገበያዎችም። ቲማቲም የምትደረድረው፣ ልብስ የምታነጥፈው፣ ከጅምላ ሻጭ ጋር የምትከራከረው ማን ናት? ከጓዳ ወጥተዋል። ጥያቄያቸው ሌላ ነው።

አንዲት ታይዋን ልብስ የምትሸጥ ልጅ «ያላገባ» ማስረጃ ልታወጣ ማመልከቻ አስጻፈችኝ። ለብድር ተጠይቃ ነው። ምስክር ይዘሽ ነይ ተብላለች። ምስክሮቹ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጎረቤቶቿ ከመጡ ደግሞ ብድር ልትወስድ መሆኑን ወንድሟ በዚያው ቀን ይሰማል። ወንድሟ ከሰማ ብሩ የቤቱ ብር ነው። ማመልከቻውን አስጽፋ ከፈለችና «ይቅርብኝ፣ እያሰብኩበት ነው» ብላ አጥፋ ይዛው ሄደች። ዋስም ምስክርም ለወንዱ የተዘጋ በር ነው። ለሴቷ አንዳንዴ ቢከፈትም ችግር ነው፤ የሚፈርምልሽ ሰው በገንዘብሽ ላይ የሚያዝ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ሴቶቹ ስለ መብቃት ሲያወሩ ከወንዶቹ ትንሽ ለየት ይላል። ወንዱ ፊርማው እንዲታወቅለት ይፈልጋል። እሷ መጀመሪያ የምትፈልገው ሳይታወቅባት የምትይዘው ነገር ነው። ቴሌብር በ2013 ሲመጣ ማን ቶሎ እንደለመደው ገበያ ውስጥ ጠይቁ። ብሩ ስልኳ ውስጥ ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ማታ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ቢፈትሹት የታክሲ ዝርዝር ነው የሚያገኙት።

ይህን ጥበብ ከማን ተማሩት? ከዓረብ አገር ከተመለሱ ታላላቆቻቸው ይመስለኛል። ስንቷ ናት ዓመታት ሠርታ የላከችው ብር ቤት ሆኖ፣ ቤቱ በአባት ወይም በወንድም ስም ሆኖ ያገኘችው? በእንግድነት ተቀብለዋት በሠራችው ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ የተነጠፈላት። ታናናሾቿ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። «እኔ ብሆን ግማሹን ነው የምልከው» የምትል የ17 ዓመት ልጅ ስለ መብቃት ማንም እንዲያስተምራት አያስፈልጋትም። ቁርጥ ያለ ሐሳብ አላት። ቢያሳዝነኝም፣ ሐሳቡ የተሠራው ቤተሰብን ባለማመን ላይ ነው።

«ስብሰባ ቢጠሩም አይመጡም»

በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኔ በታደምኩባቸው ስብሰባዎች «የወጣት ተወካይ» ተብሎ ፊት የሚቀመጠው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የመጣ ነው። አጀንዳው ተዘጋጅቶ ይቀርባል፣ ውሃ ይታደላል፣ ጭብጨባ አለ፣ ያልቃል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የድሬን የራሷን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። የከተማዋ ሥልጣን ከመቶ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌላው 20 እየተባለ ሲከፋፈል ኖሯል። በዚህ ላይ ማን ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ክርክሩን እዚህ አልከፍትም። ግን እናቱ ከአንዱ፣ አባቱ ከሌላው የሆነ፣ ሦስት ቋንቋ እያቀላቀለ የሚያወራ የመጋላ ልጅ ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው የምቀመጠው?» ብሎ ነው። በዕቁቡ ላይ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። እዚያ የጠየቁት «ማን ያውቅሃል?» ብለው ነው፤ መልስ ነበረው።

ከገጠር ሐረርጌ መጥቶ ዓመታት የኖረው ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። መሸኛ ስለሌለው የቀበሌ መታወቂያ የለውም። መታወቂያ ስለሌለው ሲም ካርዱ በጓደኛው ስም ነው፤ ስለዚህ ስልኩም አያምነውም። እሱ ስብሰባ ቢመጣ በር ላይ ማን ነህ ሊባል ነው።

«ከሁሉ በፊት አመለካከታቸው ይቀየር»

የማን? እስቲ ለአንድ ጊዜ ከፎርሙ ማዶ ያለውን ሰው አመለካከት እንሞክር። ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ዕቁብ የጣለ ልጅ የሰብሳቢው ደብተር ተቆጥሮለት ለምን ዋስ አይሆነውም? የቀፊራዋ አክስት የንግድ ፈቃዷና የባንክ ደብተሯ ታይቶ ለምን አትፈርምም? አምስት ካልሆናችሁ ከማለት ለሁለት የሚተዋወቁ ልጆች ማበደር ምን ያጎድላል? ሴቷ ምስክር ስታቀርብ ጉዳዩ በሰፈሩ እንዳይወራ የሚያደርግ አሠራር ማውጣትስ ያን ያህል ይከብዳል? ለእነዚህ አዲስ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አበዳሪው ኪሳራ እፈራለሁ ቢል ይገባኛል፤ ግን ከብት ማድለብ ብለው ለተፈራረሙት ለነዚያ አምስት ልጆች ሲሰጥ አልፈራም።

ጸሐፊው ከእኔ ይልቅ ቢሮዎቹን ያውቃሉ፤ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ያንሱልን። ደብተሩን እኔ አስመጣለሁ፤ ሰብሳቢው ይፈቅዳል፣ አናግሬዋለሁ። ለተሰብሳቢው ሁሉ ኮፒ ካስፈለገም ሒሳቡ በእኔ ነው።